የካሊድ ማግኔት

በድረዲን ሰው አያምንም፤ ድንጋይ ግን ያምናል። ቆቦ ገበያው ዳር ባለችው የቆርቆሮ ሱቁ ብስክሌት ሲጠግን ነው የሸበተው። ደንበኛ «ዛሬ ገና ነው የተበላሸብኝ» ቢለው ከተበላሸ እንደከረመ ያውቃል፤ ነጋዴ «ኦሪጅናል ነው» ቢለው በጥፍሩ ጫር አድርጎ ይመልስለታል። ከቆቦ ወደ ሮቢት በሚወስደው አስፋልት ዳር የተተከሉትን የኪሎ ሜትር ድንጋዮች ግን አንድም ቀን ተጠራጥሯቸው አያውቅም። «ድንጋይ እግር የለው አይሄድ፣ አፍ የለው አይዋሽ» ይላል። የፍጥነት መቁጠሪያ ያለው ብስክሌት ከእጁ የሚወጣው በነዚያ ድንጋዮች መካከል ተነድቶ ነው። መቁጠሪያው ከድንጋዩ ጋር ካልተስማማ ጥፋቱ የመቁጠሪያው ነው፤ ይግባኝ የለም።

እንዲህ ያለ ብስክሌት በቆቦ ብዙ አይምሰላችሁ። አንድ ነው፤ የልጁ የካሊድ። ካሊድ ለውድድር ደሴ ሄዶ ሲመለስ ያመጣው ዕቃ ነው። መሪው ላይ የክብሪት ሳጥን የምታህል ስክሪን፣ የፊት ጎማውን በያዘው ብረት ላይ አንድ ሴንሰር፣ በጎማው ሽቦ ላይ ደግሞ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ማግኔት። ማግኔቷ በሴንሰሩ ፊት ባለፈች ቁጥር ስክሪኗ አንድ ዙር ትቆጥራለች፤ የጎማው ዙሪያ ልክ አስቀድሞ ስለተሞላላት አባዝታ ርቀቱንና ፍጥነቱን ትናገራለች። ፔዳሉ ዘንድም ሌላ ጥንድ አለ፤ እሱ የእግርን ዙር ይቆጥራል። አባትና ልጅ አንድ ሙሉ ቅዳሜ በዚህ ዕቃ ሲጨቃጨቁ ዋሉ። የማግኔቷ መያዣ ተሰንጥቆ ስለነበር በድረዲን ከአሮጌ ዲናሞ በፈታው የመዳብ ሽቦ ጠፈረው፤ እጅ እንዳይወጋም ጫፉን እንደ ልማዱ ሁለት ጊዜ አጥፎ ወደ ውስጥ ቀበረው። ከዚያ ወደ ሮቢት መንገድ ወጡ። ካሊድ ነዳ፤ ድንጋይ በድንጋይ ልክ መጣ። ልጁ ከብስክሌቱ ሳይወርድ ጎንበስ ብሎ የአባቱን ሽበት ሳመ። በድረዲን ይህን ሲያስታውስ ዛሬም እጁ ወደ ራሱ ይሄዳል።

ጦርነቱ ወደ ቆቦ በተጠጋ ሰሞን ካሊድ ሮቢት ያለችውን የእናቱን እህት አመጣለሁ ብሎ ተነሳ። ሴትየዋ ብቻዋን ናት፤ እግሯም አይረዳት። ልጁ በብስክሌቱ ሊሄድ ነበር፤ የከለከለው አባቱ ነው። ብስክሌት የያዘ ወጣት መልእክተኛ ነው ይሉሃል፣ ለብስክሌቱ ሲሉ ይገድሉሃል አለው። በዚያ ሰሞን ይህን የማይል አባት አልነበረም። ሁለቱ ተጋግዘው የፊት ጎማውን ፈቱና ብስክሌቱን ጓሮ ከነበረው የማሽላ አገዳ ክምር ሥር ቀበሩት። ካሊድ ማግኔቷን በመዳቡ እንደተጠፈረች ከጎማው ሽቦ ነቅሎ፣ አገዳ ውስጥ እንዳትጠፋ ብሎ ኪሱ ከተታት። ከዚያ በእግሩ ሄደ። ሮቢት አልደረሰም፤ ቆቦም አልተመለሰም።

ሰው ይጠፋል እንጂ ወሬው አይጠፋም። አንዱ አፋር በረሃ ከግመል ነጋዴዎች ጋር አየሁት አለ፤ ሌላዋ ጅቡቲ ወደብ ይሠራል ብላ ማለች። ያ ሰው የማያምነው በድረዲን ይህን ሁሉ አመነ። ሚስቱን ዓሊማን ግን ሆዷ ቀድሞ ነግሯታል። ሶደቃ እናውጣለት፣ ዱዓ እናስደርግለት፣ እኔም እንደ ሰው ልቀመጥና ላልቅስ ብላ ለመነችው። የመለሰላት አንድ ቃል ነው።

«በዚህ ቤት ላልሞተ ልጅ አይለቀስም።»

ከዚያ ወዲህ ዓሊማ የምታለቅሰው በሰው ለቅሶ ነበር። ጎረቤት ሰው ሲሞትበት ቀድማ ትደርሳለች፤ መጨረሻ ትወጣለች። ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ ታውቀው አታውቀው፣ ለሷ ለውጥ የለውም። ሰውም ለማን እንደምታለቅስ እያወቀ ዝም ይላታል።

አንድ ጊዜ ኸይረዲን የሚባል የሮቢት ሰው ሱቁ ድረስ መጥቶ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ስሙ ያልታወቀ አንድ ወጣት መንገድ ዳር፣ ከአንድ ገበሬ ማሳ ጥግ ተቀብሯል ይባላል፣ ሄደህ ብታየው ምናለ አለው። በድረዲን የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ። የኔ ልጅ የመንገድ ዳር ሬሳ አይደለም ብሎ ሰውየውን ከተቀመጠበት በርጩማ አስነስቶ ሸኘው። ኸይረዲን ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲወጣም «አብሽር» ብሎት ነው የወጣው። በድረዲን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታውን እንኳ አልመለሰለትም። በሮቢት መንገድም መውጣት ተወ። ወልድያ መሄድ ግድ ሲሆንበት ሚኒባሱ ውስጥ ገብቶ፣ ሮቢት እስኪያልፍ ዓይኑን ጨፍኖ የተኛ ይመስላል።

ብስክሌቱ ከአገዳው ሥር ወጥቶ የተነዳው ሴት ልጁ ኢክራማ ካደገች በኋላ ነው። ወንድሟን በመልክም በግትርነትም ያመጣች ልጅ ናት። አባቷ ብዙ ካንገራገረ በኋላ «ወንድምሽ እስኪመጣ ነው» ብሎ ሰጣት። ማግኔቷ ካሊድ ኪስ ስለሄደች ከተሰበረ ሬድዮ ድምፅ ማጉያ አንዲት ቁራጭ አውጥቶ በምትኳ አሰረላት። ኢክራማ መንዳት ስትጀምር የሮቢት መንገድ ጠበባት። ወልድያ ያለ አንድ ክለብ መጥተሽ ተፈተኚ አላት፤ አሠልጣኙም እስከ ፈተናው ድረስ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በእኩል ፍጥነት መንዳት ተለማመጂ ብሎ አዘዛት። እሷም የአባቷ ልጅ ናትና ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ትለማመድ ጀመር።

አንድ ጠዋት ላቧን እየጠረገች ሱቅ ገባች።

«አባ፣ መቁጠሪያው ታሟል።»

እስከ መስኖው ድልድይ ድረስ ልክ ነው አለችው። ከድልድዩ ወዲያ ያለው ኪሎ ሜትር ግን ይረዝማል፤ ተከታዩ ደግሞ ያጥራል፤ ከዚያ ወዲያ እንደገና ልክ ይሆናል። በድረዲን ደስ ሳይለው አልቀረም። የተበላሸ ዕቃ ሲያገኝ መድኃኒቱን እንደሚያውቅ ሐኪም ፊቱ ይፈካል። መጀመሪያ የጠረጠረው የራሱን የምትክ ማግኔት ነው። የድምፅ ማጉያ ማግኔት ኃይለኛ ናት፤ ወደ ሴንሰሩ ከቀረበች አንዱን ዙር ሁለት ታስቆጥራለች። ራቅ አደረጋት። ኢክራማ ነድታ መጣች፤ ያው ነው። ባትሪውን ቀየረ፤ ያው ነው። ጎማ ንፋሱ ሲጎድል ዙሪያው ያንሳልና ነፋው፣ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ አንድ ዙር አንከባሎ ለካው፤ ስክሪኗ ላይ ከተሞላው ልክ ጋር አንድ ሆነ። የፔዳሉን ሴንሰር ሳይቀር ፈትቶ አጠበው፤ እሱ ምን እንዳጠፋ እንጃ።

በመጨረሻ አገኘሁት አለ። ከድልድዩ ወዲያ ትልቁ የኤሌክትሪክ መስመር መንገዱን ያቋርጣል፤ ይህ ዕቃ ያለ ሽቦ ስለሚነጋገር መስመሩ ያደናግረዋል። ይህን ለኢክራማ እያስረዳ ሳለ ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለው።

«ስትመለሺስ?»

ስመለስ ይገለበጣል አለችው። መጀመሪያ ያጥራል፣ ቀጥሎ ይረዝማል።

በድረዲን ነገሩ ገባው። ከዕቃው የሆነ በሽታ ዕቃው በሄደበት ሁሉ አብሮት ይሄዳል፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚነሳ በሽታ ግን የቦታው ነው። ይህን ለራሱ ደንበኞች ስንት ጊዜ ነግሯል። ሁለቱን ኪሎ ሜትሮች አንድ ላይ ቢደምራቸው ደግሞ ልክ ይመጣሉ። መካከል ላይ ያለው ድንጋይ ብቻ ነው ያስቸገረው። «ኤሌክትሪኩ ነው» አለ ግን፤ እንደገናም ሴንሰሩን መፍታት ጀመረ። በማግስቱ ፈታ፣ በሠልስቱም ፈታ። እጁ ይሠራል፤ ልቡ ግን እዚያ መንገድ ላለመውጣት ሰበብ እየፈለገች እንደሆነ ራሱም ያውቀዋል። ፈራ፤ ሌላ ስም የለውም።

ዓሊማ ምሳ ይዛለት መጥታ በሩ ላይ ቆማ አየችው። ብዙ አልተናገረችም።

«አንተ ሰው፣ ሄደህ እየው።»

በማግስቱ ጠዋት አባትና ልጅ ወጡ። እሱ በባጃጅ እስከ ድልድዩ ሄደ፤ እሷ በብስክሌቱ ተከተለችው። ከድልድዩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ሲነሱ በድረዲን ስክሪኗን በጨርቅ ሸፈናት። የጎማው ሽቦ ላይ ቀይ ብጣሽ አሰረና ብስክሌቱን በእጁ እየገፋ፣ ብጣሹ መሬት በነካ ቁጥር ጮክ ብሎ እየቆጠረ ሄደ። አይሱዙ ሲያልፍ አቧራው ውስጥ እየጠፋ፣ ሲመለስ ቁጥሩን ሳይስት ሄደ። ኢክራማ በጎኑ ትከተለዋለች። ቁጥሩ ኪሎ ሜትር ሲሞላ ቆመ። ድንጋይ የለም። በአስፋልቱ ጠርዝ ላይ አፈር የሞላው ጉድጓድ አለ፤ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሣር በቅሏል።

ድንጋዩ ከዚያ ወዲያ ይታያል። ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከማሳ ጥግ፣ ከአንዲት ቁርቁራ ዛፍ ሥር፣ ቁጥሩን ወደ አስፋልቱ አዙሮ ቆሟል። በብስክሌት እየበረረ ለሚያልፍ ሰው ያለቦታው የቆመ አይመስልም። ማሳው እስከ ዳር ድረስ ታርሷል፤ በድንጋዩ ዙሪያ ግን ማረሻ ያልነካው መሬት ቀርቷል። የዚያ መሬት ርዝመት የሰው ቁመት ነው። አጋደሙም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው፤ የተኛው ሰው ፊቱን ወደ ሰሜን፣ መካ ወዳለበት ወደ ቂብላ እንዲያዞር። በድረዲን ማንም ሳይነግረው አወቀ። አስፋልቱ ዳር ቁጭ አለ፤ ብስክሌቱን ኢክራማ ደርሳ ያዘችው።

የማሳው ጌታ እንዳለው የሚባል ገበሬ ነው። ሁለት ሰዎች ድንጋዩን ሲያዩ ከሩቅ አይቶ እየተቻኮለ መጣ፤ ከመንገድ መሥሪያ ቤት የመጡበት መስሎታል። የመንግሥት ድንጋይ መሆኑን አውቃለሁ፣ የተቸገርኩበት ነገር ስላለ ነው፣ ካዘዛችሁኝ ዛሬውኑ መልሼ እተክለዋለሁ እያለ ይቅርታ ሲደረድር፣ የሰውየውን ፊት አየና ንግግሩን አቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ። ከጎኑ ተቀመጠና ነገረው።

በዚያን ቀን ረፋዱ ላይ መንገዱ ላይ ተኩስ ነበር፤ ማን በማን ላይ እንደተኮሰ እሱ አያውቅም። ሲበርድ በሬዎቹን ሊያመጣ ወጣ፤ አንድ የቆሰለ ወጣት ቁርቁራው ሥር አገኘ። ራሱ ነው ጥላ ፍለጋ እየተሳበ የደረሰው። ነፍሱ ገና አልወጣችም። ውኃ አለ፤ ሰጠው። ስሙን ቢጠይቀው ሸሃዳውን ብቻ ደጋገመ፤ ከዚያ ዝም አለ። ሙስሊም መሆኑን ያወቀው በዚህ ነው። አገሩ ሸሽቶ ባዶ ነበር፤ ሼህ ቢባል ከየት ይምጣ። እሱና ሚስቱ አስረሳሽ ቆፈሩ። በሷ ነጠላ ገነዙት፤ ጎረቤቶቹ ሙስሊሞች ሲቀብሩ እንዳየው በቀኝ ጎኑ አጋድሞ ፊቱን ወደ ቂብላ አዞረለት። ምልክት ሊያደርግ ፈለገ፤ የቆላው መሬት እንደሚታወቀው አፈር ብቻ ነው፣ ጠጠር አይገኝበትም። እንጨት ቢተክል ምስጥ ይበላዋል፣ ከምስጥ የተረፈውን ማገዶ ለቃሚ ይወስደዋል። የቀረው የመንገዱ ድንጋይ ነው። በሞፈር ፈንቅለው እያንከባለሉ አመጡት።

«ቁጥር አለው ብዬ ነው» አለ እንዳለው። «ፈላጊ ቢመጣ እንዳይጠፋው። ለሮቢት ሰውም ለገበያተኛውም ተናግሬያለሁ። ስሙን ስላላወቅነው እስካሁን የድንጋዩ ልጅ ነው የምንለው። ያጠፋሁት ነገር ካለ ንገረኝ፣ አያ። ሳናጥበው ነው የቀበርነው።»

በድረዲን ከሁሉ የያዘው ሰዓቱን ነው። ገበሬው «ረፋዱ ላይ» ያለው ቃል ጆሮው ውስጥ ቀርቷል። ካሊድ ከቤት የወጣው ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ነው። በእግሩ ለሚሄድ ሰው ረፋዱ ላይ ቁርቁራዋ ዘንድ መድረስ ልኩ ነው። በብስክሌት ቢሆን ግን ተኩሱ ሳይጀመር ሮቢት ገብቶ፣ የአክስቱን ውኃ ጠጥቶ... ዕድሜውን ሙሉ ርቀትና ፍጥነት ሲያሰላ የኖረ ሰው ነውና ሒሳቡ ሳይጠራው መጣ፤ መልሱን አየና ዓይኑን ጨፈነ። ይህን ሒሳብ ከዚያ በኋላ ለማንም አልነገረም። ተረሳው ማለት ግን አይደለም።

አስረሳሽ ከቤት መጣች። ባሏ ተጣርቶ ነግሯት ኖሮ አንዲት የቅባት ቆርቆሮ ይዛለች። ከኪሱ የተገኘችው ይቺ ብቻ ናት ብላ ከፈተችው። ውስጡ መርፌ ነው፤ መርፌዎቹ ሁሉ በአንዲት ነገር ላይ ተጣብቀዋል። ብረት ስትስብ ባያት ጊዜ መርፌ እንዳይጠፋብኝ ያዝኳት፣ የሟች ዕቃ ነውና ይቅር በለኝ አለችው አንገቷን ደፍታ።

በድረዲን ቆርቆሮውን ተቀበላት። መርፌዎቹን አንድ በአንድ እያላቀቀ በመዳፏ ላይ መለሰላት። መርፌው ሲያልቅ የመዳቡ ሽቦ ታየ። ጫፉ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ወደ ውስጥ ተቀብሯል።

«ልጄ ነው» አለ። «ካሊድ ይባላል።»

እንዳለው ስሙን ቀስ ብሎ ደገመው፤ አስረሳሽም ደገመችው። ኢክራማ ብስክሌቱን ቁርቁራው ላይ አስደግፋ፣ ከመቃብሩ ራስጌ ተቀምጣ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። በድረዲን ቆሞ እጁን ለዱዓ ዘረጋ፤ ባልና ሚስቱም ቆመው በዝምታ አጀቡት። ሲጨርስ እንዳለው ድንጋዩን ወደ ቦታው ልመልሰው ወይ፣ ሌላ ምልክት ታመጣ እንደሆነ ብሎ ጠየቀው።

«ይኑር» አለ በድረዲን። «መቁጠሪያውን ለኔ ተወው።»

ቆቦ ሲገቡ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ዓሊማ ግቢ ውስጥ ከአገዳው ክምር ጥላ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ባሏ በሱቅ ሰዓት ወደ ቤት ሲመጣ አይታ አታውቅምና ትሪውን ከጭኗ አወረደች። እሱ ፊት ለፊቷ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ማግኔቷን በመዳፏ ላይ አኖረላት። ዓሊማ የመዳቡን ሽቦ በጣቷ ዳሰሰችው። ያን ቅዳሜ ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ሻይ ያቀረበችላቸው እሷ ናት።

«የት ነው ያለው?»

«ሮቢት መንገድ፣ ቁርቁራ ሥር። ሰው ነው የቀበረው፤ በወጉ ነው የቀበረው።»

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን አለች፤ ድምፅዋ አልተሰበረም። በድረዲን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ስንት ዘመን የከለከላትን ነገር አሁን እንደ ዕዳ በእጁ ይዞ የሚሰጥበት መንገድ ጠፋው።

«አልቅሺ፣ ዓሊማ» አላት። «እንግዲህ አልቅሺ።»

ዓሊማ አላለቀሰችም። ተነስታ ከቤት ሰሌን አወጣች፤ ጥላው ላይ አነጠፈችና እጁን ይዛ አስቀመጠችው፤ እሷም አጠገቡ ተቀመጠች።

«የኔን በየሰው ቤት ጨርሼዋለሁ» አለችው። «የቀረው ያንተ ነው።»

ያን ጊዜ በድረዲን አለቀሰ። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻው ብቻ ነበር የሚነቃነቀው። ኋላ ግን ድምፁ ከአጥሩ አልፎ መንገድ ወጣ። ጎረቤቱ ሥራውን ጥሎ መጣ፤ ገበያተኛው መጣ፤ የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ሰፈር መጣ፤ ፀሐይ ሳትገባም ኸይረዲን ከሮቢት ደረሰ፤ በድረዲንም እጁን ይዞ ከጎኑ አስቀመጠው። ዓሊማ በሁሉም ቤት ለቅሶ ደርሳ ነበርና በዚያን ቀን ከቤቷ የቀረ ሰው አልነበረም።